ለበቆሎው የደረሰ፣ ለቡናው የቀረ

ህዳር ሲገባ ጅማ መርካቶ ሱቅ በር ላይ የሚቆመው ገበሬ የሚጠይቀው ዋጋ ይለወጣል። ክረምቱን በሙሉ ጨውና ሳሙና ገዝቶ ይመለስ የነበረው ሰው አሁን የቆርቆሮ ዋጋ ይጠይቃል፤ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ያያል፤ የልጆቹን ዩኒፎርም ለክቶ ይገዛል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃና ከሸቤ የሚመጡት መኪኖች ጠዋት ሰው ይዘው ይገባሉ፣ ከሰዓት ሰውም ዕቃም ጭነው ይወጣሉ። የጅማው ገበያ ሂርማታ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከምዕራብ ኢትዮጵያ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬም ቀበሌው ሄርማታ መርካቶ ይባላል። ገበያው የሚንቀሳቀስበት ገንዘብ ከቡና ነው። ቡናው ከተበላሸ ወይም ዋጋው ከወደቀ፣ ይህን ለማወቅ ነጋዴው ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገውም፤ የቆርቆሮው ክምር በጥርም እንዳለ ይቆማል።

አምስት ወር ቆይታችሁ በሚያዝያ ብትመለሱ ሰልፉ ሌላ ቦታ ነው። በገጠር ቀበሌዎች የመሠረታዊ ሕብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ገበሬዎች ደረሰኝ ይዘው ይጠብቃሉ። 50 ኪሎ የሚመዝኑ የዩሪያና የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከረጢቶች ከመኪና ይወርዳሉ፣ በአህያና በሞተር ሳይክል ይበተናሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለገበሬው የሚሰጠው ትልቁ የእርሻ ድጎማ ያለው እዚህ ከረጢት ውስጥ ነው። ማንም ቼክ አይቀበልም፣ ማንም ስሙ ተጠርቶ ብር አይቆጠርለትም። ድጎማው ከረጢቱ አገር ውስጥ እስኪገባ ባስወጣው ገንዘብና ገበሬው በሚከፍለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። ግዢውን በጨረታ የሚፈጽመው የኢትዮጵያ የግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። መርከቡ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዚያ ጭነቱ ወደ ዩኒየኖች መጋዘን ይጓዛል፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ገበሬ። ከወደቡ እስከ ቀበሌው መጋዘን ባለው ጉዞ መርከብ ከዘገየ ወይም መኪና ከጠፋ፣ በጅማ ዞን ቀርሳና ኦሞ ናዳ ወረዳዎች በቆሎው ያለ ማዳበሪያ ይዘራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ አንድ ቶን ዩሪያ በዓለም ገበያ ከ900 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ 250 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ መንግሥት ለማዳበሪያ 15 ቢሊዮን ብር እንደደጎመ አስታወቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛው ከረጢት ዋጋ አብሮ ስለዘለለ የድጎማው ሸክም በአስር ቢሊዮኖች ወደሚቆጠር ገንዘብ አደገ።

ይህ ድጎማ መኖሩ ትክክል ነው። በሶኮሩና በዴዶ ቆላና ወይናደጋ ላይ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣ ዲቃላ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ያለ ዩሪያ ምን እንደሚያመርት ያውቃል። የአገሪቱ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ዝናብ የማያጣው የጅማ ቀይ አፈርም ከዚህ አያመልጥም፤ ኖራም ማዳበሪያም ይፈልጋል። የኔ ጥያቄ ድጎማው ሊደርሰው ስላልቻለው ገበሬ ነው። የቡና ገበሬው በጓሮውና በጫካው ቡና ላይ ዩሪያ አያፈስም። ቡናውን የሚመግበው ከዋንዛው፣ ከብርብራውና ከሳሳው የሚረግፈው ቅጠል ነው፤ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ማኅበር አባል ከሆነ ደግሞ የኬሚካል ማዳበሪያ መጨመር ጭራሽ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ድጎማው ከረጢቱን ተከትሎ ሲሄድ፣ ብዙ ከረጢት የገዛ ብዙ ድጎማ ያገኛል፤ አንድም ያልገዛ አንድም አያገኝም። ጌራ ውስጥ በለጠ ጌራ በሚባለው ደን ሥር ቡና ለቅሞ የሚኖረው፣ ደኑንም ጠብቆ ያቆየው አባወራ ከመንግሥት የእርሻ ድጎማ የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም።

ይህ እንዴት ሆነ? ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

በደርግ ዘመን ገንዘቡ የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ገበሬው እጅ የሚገባውም ቡናው በውጭ ከሚሸጥበት ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። የቀረው በታክስ፣ በኮርፖሬሽኑ ድርሻና በተወሰነ የምንዛሪ ተመን በኩል ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ ነበር። በየመንገዱ ኬላ ቆሞ ቡና የያዘ መንገደኛ ይፈተሽ ነበር። የቡና ገበሬው የመንግሥት ደጓሚ ነበር ማለት ይቻላል፤ የደርግን ጦርነት ሳይቀር በቡናው ከፍሏል። ሰኔ 1981 ዓ.ም. ላይ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው ወረደ፣ ከዚያ ወዲያ ደጋፊ ክንድ የሚባል ነገር በዓለም ገበያም አልቀረለትም።

ኢሕአዴግ ሲገባ ኮርፖሬሽኑ የያዘው ገበያ ለግል ነጋዴ ተከፈተ። ትኩረቱ ግን እህል ላይ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. የሳሳካዋ ግሎባል 2000 የእርሻ ፕሮግራም ሠርቶ ማሳያዎች ተጀመሩ፤ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በፓኬጅ፣ በብድር ለገበሬው ቀረቡ። የክልል መስተዳድሮች ለብድሩ በጀታቸውን ዋስ አድርገው አስያዙ። በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማው ተነሳ፣ ብድሩ ግን ቀጠለ። ከዚያ 1993ና 1994 መጣ።

ጅማ ያኔ የደረሰባትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለ ድጎማ ሲነሳ ዝም ብሎ አያልፍም። በ1993 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመረተ፤ በ1994 መጀመሪያ ዋጋው ተንኮታኮተ። ብዙ ቦታ በቆሎውን ለመሰብሰብ የሚወጣው ጉልበት በቆሎው ከሚያወጣው በለጠ፤ ገበሬው ማሳው ላይ ተወው። የማዳበሪያው ዕዳ ግን ይጠበቅ ነበር፤ ዕዳ ለመክፈል በሬ የሸጠ ገበሬ ብዙ ነው። በዚያው ወቅት የዓለም የቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ብራዚልና ቬትናም ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ቡናና በቆሎ አብሮ የሚያመርተው የጅማ ገበሬ፣ አንዱ ሲወድቅ በሌላው ይደገፍ የነበረው ገበሬ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለቱም ተመታ። ቡና ነቅሎ ጫት የተከለው በዚያ ጊዜ ነው። ነቅሎም ያልመለሰው አለ።

ያኔ ለገበሬው የደረሰ የዋጋ ድጋፍ አልነበረም። መንግሥት በቡና ወጪ ንግድ ላይ ይጥለው የነበረውን ታክስ አነሳ፤ ይህ ለላኪው ወዲያው የተሰማ፣ ለገበሬው ግን በዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ የደረሰ ድጋፍ ነበር። የበቆሎው ውድቀት ያስከተለው ሌላ ነገር ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን የምርት ገበያን ሐሳብ እንዲያነሱ መገፋፋቱ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ቡናም በ2001 ዓ.ም. ወደዚያው ገባ። ገበያው ዋጋን ግልጽ አደረገ፣ ክፍያን አስተማማኝ አደረገ። ዋጋ ሲወድቅ ግን ገበሬውን የሚይዝ ነገር አልነበረውም፤ ገበያ ስለሆነ እንዲኖረውም አይጠበቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ላንሳ። ብር ከዋጋው በላይ ተተምኖ በቆየባቸው ዓመታት ቡና ላኪዎች ብዙ ጊዜ በኪሳራ ይልኩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቡናውን የገዙበት ዋጋ በውጭ ከሸጡበት ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያደርጉ የነበረው ዶላር ለማግኘት ነው፤ በዶላሩ ቆርቆሮ፣ ጎማ፣ ጨርቅ፣ ኤሌክትሮኒክስ አስገብተው ትርፋቸውን ከዚያ ያወጡ ነበር። በዚህ መንገድ የቡና ገበሬው ሳይታወቅ ትንሽ ድጎማ ደርሶታል ማለት ነው። የከፈለው ማን ነው? ዕቃውን የገዛው። በህዳር ጅማ መርካቶ ውስጥ ቆርቆሮ የገዛው ያው ገበሬ በቡናው ያገኘውን ጭማሪ በቆርቆሮው ዋጋ መልሷል። በ2016 ዓ.ም. ብሩ ሲለቀቅ ይህ ጠማማ መንገድ ተዘጋ፤ መዘጋቱም መልካም ነው። ግን በቦታው ቀጥተኛ መንገድ አልተሠራም።

መንግሥት ለቡናው ምንም አላደረገም ብል ውሸት ይሆናል። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ፍሬውን በእንጨቱ ላይ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እንጨቶችን በኢሉባቦርና በሌሎችም ጫካዎች ፈልገው መረጡ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡት 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74158 እና 74165 እስከዛሬ በጅማ ማሳዎች ላይ የሚታዩ ናቸው፤ ችግኙን የሚያፈላ ገበሬ ቁጥሩን እንደ ልጁ ስም ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ የተደገፈው የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት መንገድ ጠረገ፣ ችግኝ ጣቢያ ከፈተ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሰማራ። ዛሬም የኦሮሚያ ክልል በየክረምቱ በብዛት የቡና ችግኝ ያስተክላል። ይህ ሁሉ ድጎማ ነው፣ በዓይነት የተሰጠ ድጎማ።

የጎደለው ግን ችግኝ ሳይሆን ያረጀውን እንጨት መቁረጥ ነው። በጅማ ዞን የቡና ማሳ የሚያይ ባለሙያ መጀመሪያ የሚናገረው ነገር አንድ ነው፤ ቡናው አርጅቷል። ቁመቱ ሄዷል፣ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል፣ ለቃሚው ጎትቶ ያጎነብሰዋል። መድኃኒቱ ጉንደላ ነው። እንጨቱን ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በመጋዝ መቁረጥ፣ ከሚወጡት ቡቃያዎች ጠንካራዎቹን ሁለት ሦስቱን መተው። እንጨቱ በሦስተኛው ዓመት ያፈራል፣ ምርቱም ከአሮጌው ይበልጣል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየስብሰባው ይነግረዋል። ይሁንና መጋዙን አያነሳም።

ለምን? ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሄክታር ቡና ያላቸው አንድ አባወራ እናስብ። የአገሪቱ አማካይ ምርት በሄክታር 6 ወይም 7 ኩንታል የተፈለፈለ ቡና ነው፤ ስድስት እንበል። ምክሩን ሰምተው ሩብ ሄክታሩን ቢጎነድሉ፣ ሁለት የምርት ዘመን አንድ ኩንታል ተኩል፣ አንድ ኩንታል ተኩል ይቀርባቸዋል። ሦስት ኩንታል ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን ሩብ ቢጀምሩ ኪሳራው ይደራረባል፤ ከስድስት ኩንታላቸው ሦስት ብቻ የሚያገኙበት ዓመት ይመጣል። በእነዚያ ዓመታት ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ አይተውም። በሚያዝያ ለበቆሎው ማዳበሪያ ገንዘብ ይፈለጋል፤ ለብዙ ቤተሰብ ይህ ገንዘብ የሚመጣው ከጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው ከደረቀ ቡና፣ ሽያጭ ነው፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጀንፈል ለገበሬው ባንኩ ነውና። በሌላ አነጋገር፣ በድጎማ የመጣውን ከረጢት ለመግዛት የሚያስፈልገውን ብር የሚያቀርበው ያልተደጎመው ቡና ነው። አባወራው መጋዙን ያላነሱት ሰንፈው ወይም ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ሁለቱን ባዶ ዓመት የሚያሻግራቸው ስለሌለ ነው።

ኮሎምቢያ ይህን ችግር በሌላ መልኩ ገጥማው ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ዋጋ ወድቆ የቡና ገበሬዎቿ መንገድ ዘግተው አድማ ሲመቱ፣ መንግሥት ለአንድ ካርጋ፣ ማለትም ለ125 ኪሎ ቡና፣ 145,000 ፔሶ በቀጥታ ለገበሬው ለመክፈል ተስማማ። መክፈል የቻለው ገበሬዎቹ በብሔራዊ የቡና አምራቾች ፌዴሬሽን መዝገብ ላይ፣ ከነማሳቸው፣ ከነመታወቂያቸው ስለሰፈሩ ነው። ያው ፌዴሬሽን ማሳ ለማደስ ለሚቆርጡና ለሚተክሉ ገበሬዎች ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ክፍያው ያለ እንከን አልሄደም፣ ለመንግሥት ከባድ ወጪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2014ም ዋጋው ሲያገግም ቆመ። ነገር ግን የቡና ገበሬው ቡናውን ሳይነቅል አስቸጋሪውን ዓመት አሳልፏል።

አሜሪካ ሌላ ትምህርት አላት። እዚያ የእርሻ ድጎማ በካውንቲ ደረጃ፣ በመንግሥት የእርሻ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በኩል ይከፈላል። ክፍያው የመሬቱን ስፋት ስለሚከተል ትልልቆቹ እርሻዎች የአንበሳውን ድርሻ ይወስዳሉ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያውቀው ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የተከፈለውን ከመንግሥት መዝገብ አውጥቶ፣ በየካውንቲው፣ ማን ስንት እንደተቀበለ ለሕዝብ ስላቀረበ ነው። ድጎማውን የሚደግፈውም የሚቃወመውም የሚከራከረው በዚያ ዝርዝር ላይ ቆሞ ነው። የኛ የማዳበሪያ ድጎማ በቢሊዮን ብር በሚቆጠርበት ጊዜ፣ አንድ የጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ነዋሪ ወረዳው ከዚህ ገንዘብ ስንት እንደደረሰው በግድግዳ ላይ አንብቦ ማወቅ ይገባዋል።

ክፍያ ለገበሬ በቀጥታ ማድረስ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ምግብ ለሚያጥራቸው ሚሊዮኖች በገንዘብና በእህል ከፍሏል፤ ጅማ ትርፍ አምራች ናት ስለተባለች በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ሆነች። በቡናው በኩልም መንገዱ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። አቶ ታደሰ መስቀላ በ1991 ዓ.ም. የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ሕብረት ሥራ ዩኒየንን ሲያቋቁሙ ዋናው ሐሳብ ቡናው ውጭ ከተሸጠ በኋላ ትርፉ ወደ ገበሬው ይመለስ የሚል ነበር። አባሉ እሸት ቡናውን ሲያስረክብ መጀመሪያ ይከፈለዋል፣ ዩኒየኑ አትርፎ ሲሸጥ ደግሞ የትርፍ ክፍፍል ይደርሰዋል። የሕብረት ሥራ ማኅበራት ሕግም ለመጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ለአባላት ማከፋፈልን ያዛል።

ይህ የሚሠራ መሆኑን ለማየት ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አጋሮ መሄድ ይበቃል። የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ በውጭ ገበያ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ርካሽ ደረጃ፣ ባልታጠበ ቡና ነበር። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት ድጋፍ በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች የራሳቸውን ማጠቢያ ጣቢያ ይዘው ማኅበራት አቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዱሮሚና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ምርጥ ቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። መሬቱም ዝናቡም ያው ነበር፤ የተለወጠው ለቀይ ፍሬ የሚከፈለው ዋጋና ትርፉ የሚመለስበት መንገድ ነው። ገንዘብ በእጁ ሲገባ የጅማ ገበሬ ምን እንደሚያደርግበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዕድል መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዘ ምርት እንዳይገባ ያወጣው ሕግ፣ እያንዳንዱ የቡና ማሳ የት እንደሚገኝ በካርታ ላይ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ተፈጻሚነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም ምዝገባው በዩኒየኖችና በላኪዎች በኩል እየተካሄደ ነው። ለአውሮፓ ገዢ ተብሎ የሚሠራው ይህ መዝገብ ኮሎምቢያ የነበራት ዓይነት መዝገብ ነው። የማሳው ቦታ፣ የባለቤቱ ስም፣ የማኅበሩ ስም ካለ፣ ከዚያ ላይ ስንት እንጨት እንደተጎነደለ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሄዶ አይቶ መጻፍ፣ ገንዘቡንም በባንክ ወይም በቴሌብር ለባለማሳው መላክ የሚያቅት አይደለም።

ገንዘቡስ? በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከቡና ያን ያህል አግኝታ አታውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ከቡናው ከ90 በመቶ በላይ የሚያመርተው አነስተኛ ገበሬ ነው። ዋጋ እንዲህ ከፍ በሚልበት ጊዜ ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለጉንደላ ዘመን ክፍያና ለክፉ ቀን ተቀማጭ መያዝ ይቻላል፤ ዋጋው ሲወድቅ ግን አይቻልም፣ ያኔ የሚሰማው የ1994 ዓ.ም. ድምፅ ነው። ገንዘቡ ወደ ሌላ ቀዳዳ እንዳይፈስ ተቀማጩ በገበሬዎቹ ዩኒየኖች ስም ቢሆን እመርጣለሁ።

የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንም የኦሮሚያ ክልልም ገበሬው እንዲጎነድል ከመናገር አልፈው ለሁለቱ ባዶ ዓመታት ይክፈሉት። ለሩብ ሄክታር ለሦስት ኩንታል ኪሳራ፣ ሙሉውን እንኳ ባይሆን ግማሹን። ተቀባዮቹንና የተቀበሉትን መጠን ደግሞ በየቀበሌው ማኅበር መጋዘን በር ላይ፣ ማዳበሪያ የሚሰለፉበት ቦታ ላይ ይለጥፉት። የጉንደላ ጊዜው ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ዝርዝሩ ከጥር በፊት መውጣት አለበት።